የደቡብ አሜሪካ ወይን ጠጅና ማዕዱ

የአንድ ሸቀጥ ዋጋ በምን ይወሰናል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ነጋዴ ሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው መልስ «በጥራቱና በገበያ ላይ በሚገኘው ብዛት» የሚል ነው። ይህ መልስ ለሲሚንቶና ለብረት ይበቃ ይሆናል፤ ለሚበላና ለሚጠጣ ነገር ግን የእውነቱን ግማሽ ብቻ ይነግራል። ከአንድ ሸለቆ የተለቀመ ወይን፣ በአንድ ዐይነት ጥበብ ተጠምቆ ሳለ፣ አንዱ በጠርሙስ ታሽጎ በስሙ ሲከበር፣ ሌላው በኮንቴይነር ውስጥ በተዘረጋ ትልቅ የላስቲክ ከረጢት ተሞልቶ፣ ስሙ ሳይጠራ፣ እንደ ዘይት በሊትር ሲቸበቸብ ይታያል። ይህን ልዩነት የሚያመጣው አፈሩና በርሜሉ ብቻ አይደለም። ገዢው ሰው ያንን ወይን ጠጅ ከየትኛው ምግብ ጋር፣ በምን ዐይነት ማዕድ ላይ፣ በምን ሥርዓት እንደሚጠጣው አስቀድሞ ማወቁ ነው። ይህንን ነገር መርምሮ ለመረዳት ለሚፈልግ አስመጪና ላኪ ከደቡብ አሜሪካ የበለጠ ምሳሌ የሚሰጥ ክፍለ ዓለም በቀላሉ አይገኝም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለወይን ጠጅ የሚሆነው ወይን በዚያ ክፍለ ዓለም የአገሩ ተክል አይደለም። ስፔኖች በ16ኛው መቶ ዓመት አገሩን በያዙ ጊዜ ለቅዳሴ የሚሆን ወይን ያስፈልጋቸው ስለ ነበር፣ ተክሉን ይዘው ወደ ፔሩና ወደ ቺሊ ገቡ፤ ከዚያም የአንዴስን ተራራ አሻግረው ዛሬ አርጀንቲና በሚባለው አገር ተከሉት። ደረቁ አየርና ከበረዷማው ተራራ የሚወርደው ውሃ እጅግ ስለ ተስማማው፣ የስፔን ንጉሥ ዳግማዊ ፊልጶስ በ1595 በቅኝ አገሮቹ አዲስ ወይን እንዳይተከል እስከ መከልከል ደረሰ። ይህም የስፔን ነጋዴዎች ገበያቸውን እንዳያጡ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ዐዋጁ ሩቅ፣ ወይኑ ቅርብ ስለ ነበረ ክልከላው ብዙ አልተከበረም።

ዛሬ በዓለም ገበያ የሚታወቀው የወይን ዘር የገባው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በቺሊ ሲልቬስትሬ ኦቻጋቪያ የተባለው ባለጸጋ በ1851 ከፈረንሳይ ምርጥ ዘሮችን አስመጣ። በአርጀንቲናም በኋላ የአገሩ ፕሬዚዳንት የሆነው ዶሚንጎ ፋውስቲኖ ሳርሚየንቶ ባቀረበው ሐሳብ በ1853 በሜንዶሳ ከተማ የእርሻ ትምህርት ጣቢያ ሲቋቋም፣ ሚሼል ኤሜ ፑዤ የተባለው ፈረንሳዊ የእርሻ ሊቅ ማልቤክ የሚባለውን ጥቁር ወይን ተከለ። ማልቤክ በቦርዶ አውራጃ የሌላውን ወይን ቀለም ለማድመቅ የሚደባለቅ ረዳት እንጂ በራሱ ስም የሚሸጥ ጌታ አልነበረም። በሜንዶሳ ዝናም በዓመት ከ200 ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ተክሉ የሚጠጣው ሁዋርፔ የተባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች አስቀድመው በጀመሩት የቦይ ሥራ የሚመጣውን የተራራ ውሃ ነው። በዚህ ቦታ ማልቤክ በትውልድ አገሩ ያላገኘውን ጣዕምና ልስላሴ አገኘ።

ሆኖም ጥሩ ወይን መትከል አንድ ነገር ነው፤ መሸጥ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሜንዶሳ ከቦኖስ አይሬስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በጋሪ የተጫነው በርሜል በሙቀትና በመንገጫገጭ እየተበላሸ ይደርስ የነበረው፣ የባቡር ሐዲድ በ1885 ሁለቱን ከተሞች እስኪያገናኝ ድረስ ነው። ባቡሩም የደረሰው በጥሩ ሰዓት ነበር፤ በዚያው ዘመን ከኢጣሊያና ከስፔን ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ወደ አርጀንቲና ይጎርፉ ነበርና። እነዚህ ሰዎች ያለ ወይን ጠጅ ምሳ መብላት የማያውቁ ነበሩ። በሌላ አነጋገር፣ ነጋዴው የጫነውን በርሜል የሚጠባበቅ ማዕድ አስቀድሞ ተዘርግቶ ቆየው።

ያ ማዕድ ምን ዐይነት እንደ ሆነ በዝርዝር መመልከት ይገባል፤ የንግዱ ምሥጢር ያለው በዚያ ነውና። የአርጀንቲናና የኡራጓይ ሰው በእሑድ ቀን ቤተ ዘመዱን ሰብስቦ «አሳዶ» የሚባለውን የሥጋ ጥብስ ያዘጋጃል። እንጨቱ ነድዶ ፍም ከሆነ በኋላ በብረት መረብ ላይ የሚዘረጋው የበሬ ጎድን ከጨው በቀር ቅመም አይነካውም፤ እሳቱም ስለማይጣደፍ ሥጋው ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል። በመካከሉ አስቀድሞ የሚቀርበው ቋሊማና የሆድ ዕቃ ነው። በጎን በኩል ከፐርሲሜሎ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዘይትና ከኮምጣጤ የተዘጋጀው «ቺሚቹሪ» የሚባለው ማጣፈጫ ይቀመጣል። ጠባሹ ሰው የማዕዱ አለቃ ነው፤ ሥጋውን ቆርጦ ለሁሉም ካደለ በኋላ እንግዶቹ ያጨበጭቡለታል። ወይን ጠጁም እንደ ክብር ዕቃ በትንንሽ መለኪያ ተመዝኖ የሚቀርብ አይደለም፤ በተራ ብርጭቆ ይቀዳል፤ ብዙ ሰውም ከሶዳ ውሃ ጋር ወይም ከበረዶ ጋር ቀላቅሎ ይጠጣዋል። ይህንን የሚያይ የአውሮፓ ቀማሽ ቢደነግጥ ይደንግጥ፤ ባለ ሱቁ ግን የሶዳውንም የወይን ጠጁንም ዋጋ ይቀበላል።

ምግቡ ካለቀ በኋላ ማንም ከመቀመጫው አይነሣም። በማዕድ ዙሪያ ተቀምጦ መጫወት «ሶብሬሜሳ» የሚባል የራሱ ስም አለው። ቡና ይመጣል፤ ሌላ ጠርሙስ ይከፈታል፤ የቤተሰብና የፖለቲካ ክርክር ይጀመራል። ደንበኛው ሒሳቡን እስኪጠይቅ ድረስ አስተናጋጁ ሒሳብ ይዞ መምጣት እንደ ነውር ይቈጠራል። እራት ከምሽቱ ሦስት ወይም አራት ሰዓት በፊት የማይጀመርበት አገር በመሆኑም ምግብ ቤቱ እኩለ ሌሊት ላይ ሞልቶ ይገኛል። የአዲስ አበባ ባለ ሆቴል ወንበሩ በፍጥነት እንዲለቀቅለት ሲመኝ፣ የቦኖስ አይሬሱ ባለ ሆቴል የተቀመጠው ሰው ገና አንድ ጠርሙስ እንደሚያዝ ያሰላል።

ከኢጣሊያ የመጡት ሰዎች ያስለመዱት ሌላም ልማድ አለ። በየወሩ በ29ኛው ቀን፣ ደመወዝ ሊከፈል ሲቃረብና ኪስ ሲራቆት፣ «ኞኪ» የሚባለው ከድንችና ከዱቄት የሚሠራ ርካሽ ምግብ ይበላል፤ በሣህኑም ሥር ለመጪው ወር በረከት እንዲሆን ገንዘብ ይደረጋል። (በዚያ አገር ወር ሲያልቅ ደመወዝ ለመቀበል ብቻ ብቅ የሚል የመንግሥት ሠራተኛም ኞኪ ይባላል፤ ስሙ እጅግ የተስማማው ይመስላል።) ምግብ ቤቶች በዚህ ቀን ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልጋቸውም፤ የቀን መቍጠሪያው ራሱ ገበያተኛ ይጠራላቸዋል።

ከዚህ ሁሉ የተነሣ በ1970 አካባቢ አንድ አርጀንቲናዊ በዓመት እስከ 90 ሊትር ገደማ ወይን ጠጅ ይጠጣ ነበር። ይህ ቍጥር በመጀመሪያ ሲታይ የበረከት ቍጥር ይመስላል፤ ነገር ግን አደጋው ከዚህ ተነሣ። አገሩ ያለ ምርጫ የሚጠጣ ከሆነ ጠማቂው ስለ ስምና ስለ ጥራት ለምን ይጨነቃል? ብዙ ፍሬ የሚሰጥ ተራ ወይን እየተተከለ፣ ማልቤክ እየተነቀለ ሄደ። ከዚያም ሕዝቡ ፊቱን ወደ ቢራና ወደ ለስላሳ መጠጥ ሲያዞር ማከማቻው ሁሉ ገዢ ባጣ ወይን ጠጅ ተሞላ። በ1990ዎቹ መካከል ከማልቤክ የቀረው 10,000 ሄክታር ገደማ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ቀደም ግን የዚህ ብዙ እጥፍ ነበረ። ዛሬ የአንድ አርጀንቲናዊ ድርሻ በዓመት ከ20 ሊትር በታች ወርዷል። ዛፉን የነቀለው ባላገር ያጣውን ገንዘብ የመለሰለት የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለነጋዴ ሁሉ ትምህርት ነው። የሜንዶሳ ጠማቂዎች፣ በተለይም እንደ ኒኮላስ ካቴና ያሉት፣ ተክሉን ወደ ከፍተኛው ቦታ አወጡ፤ ምርቱን ቀነሱ፤ ለዓለም ገበያም አንድ ስም መርጠው አቀረቡ። ያ ስም ማልቤክ ነው። ስሙን ለብቻው ግን አልላኩትም። ወይን ጠጁ ሎንዶንና ኒው ዮርክ ሲደርስ የአርጀንቲና ሥጋ ቤትና የእሑድ ጥብስ ዝና ቀድሞት ደርሶ ነበር፤ ደንበኛው ሥጋ ሲያዝ የሚቀጥለው ቃል ማልቤክ ሆነ። በ2002 መጀመሪያ የአርጀንቲና ገንዘብ ዋጋው በወደቀ ጊዜም ይህ ስም ባይኖር ኖሮ ርካሽነቱ ብቻውን ገበያውን ባልከፈተው ነበር። ከ2011 ጀምሮ ሳርሚየንቶ ሐሳቡን ያቀረበበት ዕለት፣ ኤፕሪል 17፣ የማልቤክ ቀን ተብሎ በብዙ አገሮች ይከበራል። በ2013 ደግሞ ወይን ጠጅ የአርጀንቲና ብሔራዊ መጠጥ መሆኑ በሕግ ተደነገገ። የማልቤክ ተክል ዛሬ ከ40,000 ሄክታር በላይ ሆኗል።

የቺሊ ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ቺሊ በተፈጥሮ የታደለች ናት፤ በአንድ ወገን የአንዴስ ተራራ፣ በሌላው ወገን ቀዝቃዛው ባሕር፣ በሰሜን ምድረ በዳ ስለሚከልሏት፣ የአውሮፓን ወይን በ19ኛው መቶ ዓመት ያጠፋው ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ አልደረሰባትም። ከምትጠምቀውም አብዛኛውን ወደ ውጭ ትልካለች። በ2004 በበርሊን ከተማ የአውሮፓ ቀማሾች ስሙ ተሸፍኖ በቀረበላቸው ወይን ጠጅ ላይ ፍርድ ሲሰጡ፣ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት የቺሊ ጠርሙሶች ነበሩ፤ ሻቶ ላፊትን የመሰለው የቦርዶ ታላቅ ስም ከእነርሱ በታች ቀረ። ከቻይና ጋር የተደረገው የነጻ ንግድ ውል በ2006 ሥራ ላይ ዋለ፤ በ2015ም በቺሊ ወይን ጠጅ ላይ የነበረው የቻይና ቀረጥ ፈጽሞ ተነሣ። አፈሩም፣ ጥበቡም፣ ውሉም ሁሉ ተሟልቷል።

ታዲያ የቺሊ ወይን ጠጅ «ለዋጋው ጥሩ ነው» ከሚለው ምስጋና ለመውጣት ለምን ይህን ያህል ይቸገራል? ይህ ምስጋና ለገዢ ደስታ፣ ለሻጭ ግን ወጥመድ ነው። ምክንያቱን ፍለጋ ብዙ መሄድ አያስፈልግም፤ ከቺሊ ውጭ የሚኖር ሰው የቺሊን ምግብ አያውቅም። በሸክላ ሣህን የሚጋገረው፣ ከታች የተፈጨ ሥጋና ዶሮ፣ ከላይ የተፈጨ እሸት በቆሎ ያለበት «ፓስቴል ዴ ቾክሎ» ከካርሜኔር ወይን ጠጅ ጋር ሲቀርብ እጅግ ይስማማል። በቺሎዌ ደሴት ጕድጓድ ተቆፍሮ፣ በጋሉ ድንጋዮች ላይ ዓሣና ሥጋ፣ ድንችም ተደራርቦ የሚበስለው «ኩራንቶ» ለአገር ጐብኚ ሁሉ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን ሎንዶን ውስጥ ለእራት የሚወጣ ሰው የአርጀንቲናን ጥብስ ወይም የፔሩን ዓሣ ይመኛል እንጂ «ዛሬ የቺሊ ምግብ እንብላ» ሲል አይሰማም። ማዕድ ያልቀደመው ጠርሙስ በመደርደሪያ ላይ የሚፎካከረው በዋጋው ብቻ ነው።

ካርሜኔርም ራሱ የስም ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ያሳያል። ቺሊዎች ይህንን ወይን ከመቶ ዓመት በላይ ሜርሎ ነው እያሉ ሲለቅሙና ሲሸጡ ኖሩ። በ1994 ዣን ሚሼል ቡርሲኮ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ተክሉን መርምሮ፣ በአውሮፓ ጠፋ ማለት ይቻል የነበረው ካርሜኔር መሆኑን አስታወቀ። በማግስቱ አገሩ ማንም ያልያዘው የራሱ ስም አገኘ። ይህ ሁሉ ሲሆን በማውሌና በኢታታ ሸለቆዎች፣ ስፔኖች ያመጡትን «ፓይስ» የተባለውን ጥንታዊ ወይን ያለ መስኖ የሚያለሙት ትንንሽ ባላገሮች ፍሬያቸውን በኪሎ ለትልልቅ ጠማቂዎች ሲያስረክቡ፣ ዋጋውን የሚወስነው ገዢው ነው። አንዳንዶቹ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በራሳቸው ስም እያሸጉ መሸጥ ጀምረዋል፤ ለብዙዎቹ ግን ስም የሌለው ፍሬ ስም ለሌለው በርሜል መሄዱን አላቆመም።

በዚህ ላይ አንድ ጠንቃቃ ነጋዴ «በጅምላ የሚሸጥ ወይን ጠጅስ ገንዘብ አያመጣምን?» ብሎ ሊቃወም ይችላል። ያመጣል። ቺሊ በጅምላ ሽያጭ ከዓለም ታላላቆች አንዷ ናት፤ መርከብም ባዶ ከሚሄድ ተራ ሸቀጥ ጭኖ ቢሄድ ይሻላል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ንግድ የሚቆመው ሌላ አገር በአንድ ሳንቲም ዝቅ አድርጎ እስኪያቀርብ ድረስ ነው። በስሙ የሚፈለገውን ዕቃ ግን ገዢው በሌላ ሊተካው አይችልም፤ ሊተካው ቢሞክርም ደንበኛው ይጠይቀዋል።

የፔሩ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይልቅ የሚደንቅ ነው። ፔሩ በወይን ጠጅ ብዙ የምትጠራ አገር አይደለችም፤ በማዕዷ ግን ዓለምን አሸንፋለች። በአንዴስ ሕዝቦች ድንችና በቆሎ ላይ ስፔኖች ሎሚና ሽንኩርት ጨመሩ፤ ከ1849 ጀምሮ የመጡት የቻይና የጕልበት ሠራተኞች «ቺፋ» የሚባለውን ምግብ ቤት አስለመዱ፤ ከ1899 ጀምሮ የደረሱት ጃፓኖች ደግሞ ዓሣን አሳምሮ የመቍረጥን ጥበብ አመጡ። ከሁሉም በላይ የታወቀው «ሴቪቼ» ነው። ይህም ትኵስ ጥሬ ዓሣ ተቈራርጦ በሎሚ ጭማቂ፣ በቀይ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ ተነክሮ ወዲያው የሚበላ ነው። በሊማ ያሉ ጥንቁቅ ሰዎች ሴቪቼን በምሳ ሰዓት እንጂ በማታ አይበሉም፤ ዓሣው የጧት መሆን አለበትና። ጥሬ ሥጋ ለሚወድ ኢትዮጵያዊ ይህ ጥንቃቄ እንግዳ አይሆንበትም፤ ሥጋው ዛሬ የታረደ መሆኑን ሳያረጋግጥ ቍርጥ የሚያዝ ሰው የለምና። የሴቪቼ አዘገጃጀት በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገባ።

ይህ ዝና በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ጋስቶን አኩሪዮ የተባለው ወጥ ሠሪ በ1994 ከባለቤቱ ጋር በሊማ የከፈተው ምግብ ቤት መጀመሪያ የፈረንሳይ ምግብ ያቀርብ ነበር፤ ጥቂት ቈይቶ የአገሩን ማዕድ ይዞ ብቅ አለና በብዙ የዓለም ከተሞች ቅርንጫፍ ከፈተ። ከ2008 ጀምሮ በሊማ ይደረግ የነበረው «ሚስቱራ» የተባለው የምግብ ትርኢት ገበሬውንና የመንገድ ዳር ሻጩን ከታላላቅ ወጥ ሠሪዎች ጎን አቆመ። በ2023 «ሴንትራል»፣ በ2025 ደግሞ «ማይዶ» የተባሉት የሊማ ምግብ ቤቶች ከዓለም 50 ምርጥ ምግብ ቤቶች ዝርዝር አንደኛውን ቦታ ያዙ። ከዚህ ማዕድ ጋር ተጣብቆ ወደ ዓለም የወጣው መጠጥ «ፒስኮ» ነው። ይህም ከወይን ጠጅ የሚጣራ አረቄ ሲሆን በሎሚ፣ በስኳርና በእንቍላል ነጭ ተመትቶ ይጠጣል። የሴቪቼ ቤት በተከፈተበት ሁሉ ፒስኮ አስመጪ ይፈለጋል።

ነገር ግን ፒስኮ የኔ ነው የምትል ሌላ አገር አለች፤ እርስዋም ቺሊ ናት። ቺሊ ስሙን በ1931 በሕግ ከለለች፤ በ1936ም በኤልኪ ሸለቆ የሚገኘውን ላ ኡኒዮን የተባለ መንደር «ፒስኮ ኤልኪ» ብላ ሰየመችው። ፔሩ በበኩሏ ፒስኮ የሚባል ጥንታዊ ወደብና ከተማ እንዳላት ታሳያለች። ክርክሩ ለውጭ ሰው የሚያስቅ ቢመስልም የገንዘብ ክርክር ነው። የቺሊው ፒስኮ ወደ ፔሩ በዚህ ስም ሊገባ አይችልም። የአውሮፓ ማኅበር በ2013 የፔሩን መብት ሲመዘግብ፣ ቺሊም በስሙ መጠቀሟን እንድትቀጥል ፈቀደ። ስለዚህ ሁለቱም መጠጦች በአንድ መደርደሪያ ላይ ተጐራብተው ስለሚታዩ፣ አስመጪው የላኪውን አገር ሕግ ሳያይ ማዘዝ አይገባውም። ፔሩዎች ፒስኮአቸውን ውሃ አይጨምሩበትም፣ በእንጨት በርሜልም አያስረጁትም፤ በቺሊ ሁለቱም ይፈቀዳል። ስሙ አንድ፣ ዕቃው ግን የተለያየ ነው።

ብራዚል «ካሻሳ» የተባለውን የሸንኮራ አረቄዋን በአሜሪካ ገበያ «የብራዚል ሮም» ብላ እንድትሸጥ ተገዳ ኖራ በራሱ ስም ለመሸጥ የበቃችው በ2013 ነው። የቦሊቪያው «ሲንጋኒ» ተመሳሳይ መብት ያገኘው በ2023 ነው። ኡራጓይ ፓስኩዋል አርያጌ በ1870ዎቹ ያስለመደውን «ታናት» የተባለ ጠንካራ ወይን ይዛ፣ ከሕዝቧ ሦስት እጥፍ በሚበልጠው የቀንድ ከብቷ ትመካለች፤ ከ2006 ጀምሮም እያንዳንዱ ከብት በመዝገብ የታወቀ ስለ ሆነ፣ የሥጋው ገዢ ከብቱ የት እንዳደገ ለማወቅ ይችላል። ትንሽ አገር ከትልቅ ጋር የምትወዳደረው እንዲህ ባለው መንገድ ነው።

ማዕድ ሸቀጥን ምን ያህል ርቆ እንደሚወስደው ለማየት «ማቴ»ን መመልከት ይበቃል። ማቴ በቅል ውስጥ ሙቅ ውሃ የሚፈስበት ቅጠል ሲሆን፣ አንዱ ሰው እየቀዳ ሌሎቹ በተራ በአንድ የብረት መምጠጫ ይጠጡታል፤ «አመሰግናለሁ» ያለ ሰው በቃኝ ማለቱ ስለ ሆነ ተራው ያልፈዋል። ከአርጀንቲና የሚወጣውን ማቴ በብዛት ከሚገዙት አገሮች አንዷ ሶርያ ናት። ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሰደው የነበሩ ሶርያውያን ወደ አገራቸው ሲመለሱ ልማዱን ይዘው ስለ ተመለሱ፣ ንግዱ ያለ አንዳች ማስታወቂያ ተከተላቸው።

የኢትዮጵያ ላኪ ይህንን ታሪክ በቡና ያውቀዋል። ኢትዮጵያ የይርጋ ጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስም በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በ2005 ጥያቄ አቅርባ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች። ስሙ ተጠብቋል። አቦል፣ ቶናና በረካ የሚባለው ሥርዓት ግን ከጆንያው ጋር አብሮ አልተጫነም፤ በዋሽንግተን ባሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ጀበናው እየቀረበ ሳለ፣ ጥቂት መንገድ አለፍ ብሎ ያው ቡና በወረቀት ኩባያ የሚጠጣው ሰው ስለ ጀበናው የሚነግረው የለም። ላኪዎች ከምግብ ቤት ባለቤቶች ጋር ቢመክሩበት የሚያስቈጭ ነገር ሆኖ ባልቀረ ነበር።

አስመጪው በበኩሉ የደቡብ አሜሪካን ወይን ጠጅ ሲያዝ የዋጋ ዝርዝሩን ብቻ ይዞ መነሣቱ ይጎዳዋል። ማልቤክና ታናት ለጥብስና ለቍርጥ የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ በርበሬ ከበዛበት ዶሮ ወጥ ጋር ሲቀርቡ ግን ምላስን ያቃጥላሉ፣ ይመርራሉም። ለዚያ የሚሻለው በሳልታ አውራጃ፣ በካፋያቴ ከፍተኛ ቦታ የሚበቅለው መዓዛማው ነጭ «ቶሮንቴስ» ወይም ቀለል ያለው ፓይስ ነው። ይህንን ባለ ሱቁ ለገዢው በአንድ ቃል ቢነግረው ጠርሙሱ በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ይጠየቃል። ባይነግረው ግን ገዢው የተሳሳተው ወይን ጠጁ ነው ብሎ ይሄዳል። ከዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ከተተከለው ወይን ተጠምቆ ከ2014 ጀምሮ በገበያ ላይ የዋለው የአገር ውስጥ ወይን ጠጅም ቢሆን ከዚህ ምክር የሚወጣ አይደለም።

የጾም ነገርም ሊዘነጋ አይገባም። ከሥጋ ጋር ብቻ የሚስማማ ወይን ጠጅ ያከማቸ ነጋዴ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ገንዘቡ በመጋዘን ታስሮ ይቀመጣል። ስለዚህ ጭነቱ ለገናና ለፋሲካ እንዲደርስ አድርጎ ማዘዝ የባለሙያ ሥራ ነው። በደቡብ አሜሪካ ወይን የሚለቀመው ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል ባለው ጊዜ ስለ ሆነ፣ አንድ ዓመት የተጻፈበት የሜንዶሳ ጠርሙስ ያው ዓመት ከተጻፈበት የአውሮፓ ጠርሙስ በስድስት ወር ያህል ይቀድማል። ቶሎ የሚጠጣው ነጭ ወይን ጠጅ በኦገስትና በሴፕቴምበር ታሽጎ ኦክቶበር ላይ ቢጫን፣ ጅቡቲ የሚደርሰው የወደቡ ሙቀት በበረደበት ወራት፣ ከገና በፊት ነው። በሐምሌና በነሐሴ የሚደርስ ኮንቴይነር ግን በጅቡቲ ፀሐይ ላይ ጥቂት ቀናት ከቆመ ወይን ጠጁ ተንፍቶ ቡሹን ይገፋል፤ ጣዕሙም ይለወጣል። ይህ ጉዳት በመድን ውል ውስጥ በግልጽ ካልተጻፈ ኪሣራው በአስመጪው ላይ ሊቀር ይችላልና ከመፈረሙ በፊት ውሉን ይመልከት። ጠርሙሱ ሱቅ ከደረሰም በኋላ በመስኮት ፀሐይ ላይ መደርደሩ ቀርቶ፣ ቡሽ ያለው በጥላ ቦታ ጋደም ብሎ ይቀመጥ።